ዳግማዊ አፄ ምኒልክ፦ የልደት፣ የዕዳና የዙፋን ውርስ ጉዳይ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች በመሾም ዛሬ ተገልጋዮች የሚያውቋቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መሠረት እንዲጣል ያደረጉ ንጉሠ ነገሥት ናቸው። ስለ ዐድዋ ድል፣ ስለ አዲስ አበባ መቆርቆር፣ ስለ ባቡርና ስለ ስልክ ብዙ ተጽፏል። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአጭሩ የሚታለፈው የሕይወታቸው ክፍል ነው፤ ይኸውም የራሳቸውና የልጆቻቸው የልደት ሁኔታ፣ እንዲሁም በዘመናቸው መንግሥቱ የገባው ዕዳና የአከፋፈሉ ጉዳይ ነው። ሁለቱ ነገሮች የተራራቁ ይምሰሉ እንጂ በቀድሞው የሙግት ቋንቋ የሚገናኙት በአንድ ቃል ነው። ልጅም ሆነ ብድር የሚጸናው ሲታመን ነውና፤ አባት ከካደ ልጅ ርስት ያጣል፣ ተበዳሪ ከካደ ባለገንዘብ ይጉላላል። ምኒልክ ከመወለዳቸው ጀምሮ እስከ መቃብራቸው ድረስ በዚህ በማመንና በመካድ መካከል ያለፉ ሰው ነበሩ።

የአንጎለላው ልጅ

ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው በአንጎለላ ነው። ዘመኑ አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በሸዋ የነገሡበት ዘመን ነበር። ንጉሡ መናገሻቸው አንኮበር ቢሆንም በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጡም ነበር፤ ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃንም ወደ አንጎለላ እየተዘዋወሩ ያስተዳድሩና ይፈርዱ ነበር። አንኮበር ከደጋው ጫፍ ላይ ሆና የአዋሽን ቆላ ቁልቁል የምትመለከት ብርዳም አምባ ስትሆን፣ ከሥሯ ባለው በአልዩ አምባ ገበያ ከባሕር ጠረፍ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ዕቃቸውን ያራግፉ ነበር።

የሣህለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ሰፊ ቤተሰብ ነበረው። የንጉሡ ዋና ባለቤት ወይዘሮ በዛብሽ ሲሆኑ ከእርሳቸው ሌላ ብዙ ዕቁባቶች ነበሩ። በዚያ ዘመን ወደ ሸዋ የመጡት የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኞችና ሚስዮናውያን የቤተ መንግሥቱን ሴቶች ብዛት በመደነቅ ጽፈውታል። ከልዩ ልዩ እናቶች የተወለዱ የንጉሥ ልጆች መብዛት ደግሞ የራሱ አደጋ ነበረው። ዙፋን የሚመኝ ወንድም ወይም አጎት እንዳይነሣ በሚል የነጋሢው ዘር የሆኑ ወንዶች ከአንኮበር ብዙም በማይርቀው በጎንቾ እስር ቤት ለረጅም ዓመታት ይታሰሩ ነበር። ሣህለ ሥላሴ ታስረው የኖሩ ዘመዶቻቸውን የፈቱት ምኒልክ ከመወለዳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። እንግዲህ በዚያ ቤት የንጉሥ ዘር ሆኖ መወለድ በረከትም ሰንሰለትም ሊያመጣ ይችል ነበር።

የምኒልክ እናት ወይዘሮ እጅጋየሁ ለማ አድያሞ በወይዘሮ በዛብሽ ቤት በአገልግሎት የነበሩ ሴት ናቸው። በሸዋ ሲነገር በኖረው ትውፊት እጅጋየሁ ፀሐይ ከአካላቸው ስትወጣ በሕልማቸው ማየታቸው ተሰማ፤ ይህም ንጉሥ ትወልዳለች ተብሎ ተተረጐመ። ወይዘሮ በዛብሽ ሕልሙ አብልጠው ለሚወዱት ልጃቸው ለሰይፉ እንዲሆን ፈልገው እንደነበር፣ እጅጋየሁ ግን ከታላቁ ልጅ ከኃይለ መለኮት መፀነሳቸው በዚሁ ትውፊት ይተረካል። ሕልሙን ያመነም ያላመነም የሚስማማበት አንድ ነገር አለ፤ ልጁ ሲፀነስ በወላጆቹ መካከል ጋብቻ አልነበረም። ኃይለ መለኮትም ገና ጎረምሳ ነበሩ።

ሕፃኑ ሣህለ ማርያም ተብለው ክርስትና ተነሡ። ምኒልክ የሚለው ስም አወጣጥም ከዚሁ ከልደታቸው ሁኔታ ጋር ተያይዞ ይነገራል። የአልጋ ወራሽ ከቤት አገልጋይ መውለድ አያታቸውን አስቆጥቶ፣ ሸዋ ይህን ሰምቶ ምን ይላል ከሚል ነቀፋ ስሙ እንደወጣ፣ በኋላ ግን የሕልሙ ነገር ሲነገራቸው ቁጣው ወደ ደስታ ተለውጦ ስሙ የቀዳማዊ ምኒልክ መታሰቢያ እንደሆነ የሚያስረዱ አሉ። የስሙ ምርጫ ያለ ነገር አይመስልም። በክብረ ነገሥት ትረካ የመጀመሪያው ምኒልክም አባቱ በሌለበት በእናቱ አገር ተወልዶ ያደገ፣ ለዐቅመ አዳም ሲደርስ ወደ ኢየሩሳሌም ወርዶ በቀለበት ምልክት አባቱ ሰሎሞን ያወቀው ልጅ ነው። የሰሎሞንን ዘር ቈጥሮ የሚነግሥ ሥርወ መንግሥት ከምንጩ ከጋብቻ ውጭ የተወለደና በአባቱ የታመነ ልጅ እንዳለው ብዙ ጊዜ አይታሰብም።

ልጁ የቤተ ክህነት ትምህርት እየተማሩ በከበሬታ አደጉ። ሣህለ ሥላሴ በ1840 ዓ.ም. ሲያርፉ ኃይለ መለኮት ነገሡ። ስምንት ዓመት ያህል እንደገዙ አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ለመያዝ ዘመቱ፤ ኃይለ መለኮትም በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ በዘመቻው መካከል ታመው ሞቱ። ከመሞታቸው በፊት ግን የምኒልክን ዕድል የወሰነ ሥራ ሠርተዋል፤ የ11 ዓመቱን ልጃቸውን ወራሻቸው አድርገዋል። ከወይዘሮ በዛብሽ የተወለዱት፣ ለጦርም የደረሱት ወንድማቸው ሰይፉ በሕይወት እያሉ ከአገልጋይ የተወለደ ሕፃን ወራሽ መደረጉ ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

የሸዋ ጦር በበረከት ተሸነፈ፤ ሕፃኑ ወራሽም ተይዘው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። አፄ ቴዎድሮስ ምርኮኛቸውን እንደ ልጅ አሳደጓቸው፣ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩላቸው። ቴዎድሮስ ራሳቸው በመሳፍንቱ ዘንድ የኮሶ ሻጭ ልጅ እየተባሉ በእናታቸው ድህነት የተሰደቡ ንጉሥ መሆናቸው ሲታሰብ፣ ለዚህ ልጅ ያሳዩት ርኅራኄ ከየት እንደመነጨ ለመገመት አያስቸግርም።

ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ከመቅደላ አመለጡ። የወሎዋ ባላባት ወይዘሮ ወርቂት ልጃቸው በቴዎድሮስ እጅ ታስሮ እያለ ምኒልክን አሳልፈው ከመስጠት ይልቅ አሳለፏቸው፤ ቴዎድሮስም በቁጣ ልጃቸውን አስገደሉ። ምኒልክ በሕይወታቸው ከገቧቸው ዕዳዎች ሁሉ መክፈያ ያልነበረው ይህ ነው። ሸዋ ሲደርሱ በቴዎድሮስ ተሹመው በኋላ ራሳቸውን ያነገሡት አቶ በዛብህ ሊገጥሟቸው ቢወጡም ከጦሩ የሚበዛው የኃይለ መለኮትን ልጅ አልወጋም በማለት ከዳቸው። በዚህ ጊዜ የልደት ጥያቄ ያነሣ ሰው ስለመኖሩ አይወሳም። አባት ያመነውን ልጅ አገሩም አምኖ በአንኮበር ተቀበለው።

ጋብቻና ልጆች

በዘመኑ የነበረውን የጋብቻ ሥርዓት ማስታወስ ቀጥሎ የሚመጣውን ለመረዳት ይጠቅማል። ከሁሉ የከበረው በቤተ ክርስቲያን ሥጋ ወደሙ በመቀበል የሚፈጸመው የቁርባን ጋብቻ ሲሆን መፍረስ ስለማይችል ብዙ ሰው፣ በተለይም ወጣት መኳንንት፣ ይሸሹት ነበር። የተለመደው በሽማግሌ ፊት በውል የሚታሰረው የሰማንያ ጋብቻ ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ ሴቲቱ በየዓመቱ ወይም በየወሩ የሚቈረጥላትን እየተቀበለች የምትኖርበት የደመወዝ ጋብቻ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ ውጭ የሚወለድ ልጅ ዲቃላ ይባል ነበር። ስድብነቱ የታወቀ ቢሆንም በርስት ጉዳይ የሚያከራክረው ዋናው ነገር የእናትየው ደረጃ ሳይሆን አባትየው ልጁን አምኗል ወይስ ክዷል የሚለው ነበር። በተለይም በሸዋ መኳንንት ቤት የታመነ ዲቃላ ከሹመትም ከርስትም ሙሉ በሙሉ አይገፋም ነበር።

የአሁኑ ሕግ በዚህ ረገድ ከልማዱ ብዙ ርቆ ሄዷል። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ሕፃናት በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የቤተሰብ ሕጉም አባትነት በጋብቻ ግምት ብቻ ሳይሆን አባት ልጁን በመቀበሉ፣ ይህም ሳይሆን ሲቀር በፍርድ ቤት ውሳኔ ሊረጋገጥ እንደሚችል ያስቀምጣል። ቀድሞ በአባትየው በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ የነበረው ነገር ዛሬ ልጁ በራሱ ሊጠይቀው የሚችል መብት ሆኗል።

ምኒልክ ከአልጣሽ ጋር የነበራቸው ጋብቻ ከመቅደላ ሲያመልጡ ቀረ። ከዚያ በኋላ በዕድሜ ከሚበልጧቸው ከወይዘሮ ባፈና ጋር ለረጅም ዓመታት ኖሩ። ባፈና ከቀድሞ ጋብቻቸው ልጆች ነበሯቸው፤ ከምኒልክ ግን አልወለዱም። ብልህና በፖለቲካ ጉዳይ እጃቸው የረዘመ ሴት ስለነበሩ፣ በ1869 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ በጌምድር በዘመቱበት ጊዜ በተጠነሰሰው ሴራ ውስጥ እንዳሉበት ታወቀ። በዚያው ሰሞን የሰይፉ ልጅ መሸሻ አምፀው ነበር። በአንጎለላ ያልታሰበው ፅንስ ሰይፉን ያሳጣው ዙፋን በልጃቸው በኩል እንደገና የተጠየቀ ያህል ነበር። አመፁ ቢከሽፍም ምኒልክ የአጎታቸውን ልጅ አላጠፉም፤ በኋላ ታረቋቸው።

ምኒልክ ልጆቼ ናቸው ብለው ያመኗቸው ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም በሕግ ካገቧቸው ሴቶች አልተወለዱም። ከወይዘሮ ደስታ የተወለዱት ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ በጉርምስና ዕድሜያቸው የሞቱት አቤቶ አስፋ ወሰንና በ1868 ዓ.ም. ከወሎዋ ወይዘሮ አብቺው የተወለዱት ወይዘሮ ዘውዲቱ ናቸው። ከእነዚህ ሌላ የንጉሡ ልጆች ናቸው እየተባሉ በሐሜት የሚነሡ ሹማምንት በኋለኛው ዘመን ነበሩ፤ ንጉሡ በአደባባይ ያላመኑት ነገር ግን ከሐሜትነት አላለፈም።

ዘውዲቱ እናታቸው ከምኒልክ ጋር ብዙ ሳይቆዩ ስለተለያዩ በአባታቸው ቤት አደጉ። የልጅነት ዕድላቸው ደግሞ ከአባታቸው የፖለቲካ ዕዳ ጋር ተሳሰረ። ምኒልክ በ1870 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በልቼ ለአፄ ዮሐንስ አራተኛ ገብረው ንጉሠ ነገሥት የሚለውን ማዕረግ ትተዋል፤ ግብር ሊከፍሉም ተስማምተው የሸዋ ንጉሥነታቸው ጸድቆላቸዋል። ከአራት ዓመት በኋላ በሁለቱ መካከል የነበረው ቅሬታ በጋብቻ እንዲታሰር ተወሰነና ዘውዲቱ ገና በሕፃንነታቸው ለዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። የንጉሥ ልጅ ተብለው የተዳሩት ያለ ጋብቻ የተወለዱት እኚህ ሕፃን ነበሩ፤ ዮሐንስም በዚህ አልተከራከሩም። አርአያ ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. ሲሞቱ ንጉሠ ነገሥቱ ምራታቸውን ብዙ ከብት ሸልመው ወደ አባታቸው መለሱ። በሁለቱ ነገሥታት መካከል የነበረው ግንኙነት እጅግ በሻከረበት ወቅት የተደረገ ስለሆነ ለሁለቱም ወገን ክብር የሚሰጥ ሥራ ነው።

ምኒልክ ራሳቸው በቁርባን ያገቡት በ1875 ዓ.ም. ነው። በትንሣኤ ሰሞን በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከወይዘሮ ጣይቱ ብጡል ጋር ተጋቡ። ይህ ጋብቻ እስከ ሞት ጸንቷል፤ ልጅ ግን አልተገኘበትም። በሕግ ፊት ፍጹም የሆነው ጋብቻ ወራሽ አልሰጠም፤ ወራሾቹ ከሕጉ ውጭ የተወለዱት ሆነው ቀሩ።

የጠመንጃ ዕዳ

የምኒልክን መንግሥት ዕዳ ውስጥ ያስገባው በዋነኛነት የጦር መሣሪያ ነው። ሸዋ ከባሕር የራቀች ስለነበረች ጠመንጃ የሚመጣው በአውሮፓ ነጋዴዎች አማካይነት ከታጁራ ጠረፍ በአፋር በረሃ በግመል ተጭኖ ነበር። ክፍያው የሚፈጸመው በማርያ ቴሬዛ ብር፣ በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅና በዝባድ ሲሆን ግምጃ ቤቱ ጥሬ ብር ሲያጥረው ነጋዴው ለወራት ደጅ ይጠና ነበር።

ከእነዚህ ነጋዴዎች አንዱ በኋላ በግጥሙ ዓለም ያወቀው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ነው። ከ2,000 በላይ ጠመንጃና ብዙ ጥይት ጭኖ በ1879 ዓ.ም. የካቲት ገደማ አንኮበር ሲደርስ ንጉሡን አላገኛቸውም፤ ምኒልክ ሐረርን ከያዙበት ዘመቻ እየተመለሱ ነበርና ወደ እንጦጦ ተከተላቸው። የንግድ ሸሪኩ ላባቱ በሸዋ ብዙ ዘመን ኖሮ፣ አግብቶ፣ ዕዳም ጥሎ ከጥቂት ጊዜ በፊት ሞቶ ነበር። ራምቦ የገጠመው እንግዲህ ጠመንጃ የሚገዛ ንጉሥ ብቻ ሳይሆን የሟች ባለዕዳ መዝገብ ነው። ንጉሡ የዕቃውን ዋጋ ቀነሱ፤ የሟቹን ዕዳ ከክፍያው ላይ ተቀናሽ አደረጉ፤ የሟቹ ሚስትና ሌሎች አበዳሪዎችም የየራሳቸውን ጥያቄ ይዘው ቀረቡ። የቀረው ገንዘብ ሐረርን እንዲያስተዳድሩ በተሾሙት በደጃዝማች መኮንን በኩል እንዲከፈል ትእዛዝ ተጻፈ። ራምቦ በዚህ ንግድ ተጎዳሁ ብሎ ሲያማርር ኖሯል። ከንጉሡ ወገን ሲታይ ግን ሟች የተበደረው ከሽርክናው ዕቃ ላይ መወራረዱ በአገሩ ልማድ እንግዳ ነገር አልነበረም። ምኒልክ ሲገዙ ዋጋ የሚያስወርዱ፣ ሒሳብም የሚቈጥሩ ሰው እንደነበሩ ከዚህ ይታያል።

ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ዕዳ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ቆስለው ሲሞቱ እስከዚያ የወንድማቸው ልጅ ተብለው ይታወቁ የነበሩትን ራስ መንገሻን የራሴ ልጅ ናቸው ብለው አምነው ወራሻቸው አደረጉ። እዚህም ላይ የልደት መታመን የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። ሆኖም በሞት አፋፍ ላይ የመጣው እምነት ለመንገሻ አልጋውን አላስገኘም፤ ኃይሉም ጠመንጃውም ያለው በሸዋ ነበር። ምኒልክ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ መንግሥት ጋር የውጫሌን ውል ተፈራረሙ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ።

ከውሉ ተከትሎ ደጃዝማች መኮንን ወደ ኢጣልያ ተላኩ። መኮንን እናታቸው ወይዘሮ ተናኘ ወርቅ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ስለሆኑ ለምኒልክ የአክስት ልጅ ናቸው። በ1882 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢጣልያ በተፈረመው ተጨማሪ ስምምነት ምኒልክ 4 ሚሊዮን ሊሬ እንዲበደሩ ተደረገ። ገንዘቡ ከፊሉ በጥሬው የሚሰጥ፣ ከፊሉ ለመሣሪያ መግዣ የሚውል ሲሆን መያዣ የተደረገው የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነው። ሐረር የግዛቱ ዋና የንግድ በር ስለነበረች መያዣው ተራ ነገር አልነበረም። ብድሩ በጊዜው ባይከፈል አበዳሪው በጉምሩክ በኩል ወደ አገሪቱ ልብ እንዲገባ መንገድ ይከፍት ነበር። በዚያ ዘመን ግብጽና ቱኒዝያ ነጻነታቸውን ያጡት መጀመሪያ በዕዳ ተይዘው መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው አደጋው ግልጽ ነው።

ጊዜውም የከፋ ነበር። ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወቀው ረሃብ የገባው በዚያው ሰሞን ነው። ከጠረፍ የገባው የከብት በሽታ የእርሻ በሬዎችን ፈጅቶ መሬት ጦሙን አደረ፤ ግብር የሚከፍለው ገበሬ ራሱ የሚበላው አጣ። ምኒልክ ዶማ ይዘው በመቆፈር ለመኳንንቱ ምሳሌ እንደሆኑ ይነገራል። ሊሬውን የተበደረው መንግሥት እንግዲህ ከባዶ ጎተራ የሚከፍል መንግሥት ነበር።

ብዙ ሳይቆይ የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በኢጣልያንኛው ትርጉም ኢትዮጵያ ከውጭ መንግሥታት ጋር የምትገናኘው በኢጣልያ በኩል ብቻ እንድትሆን የሚያስገድድ ሆኖ መገኘቱ ተገለጠ፤ በአማርኛው ግን ይህ በፈቃድ የቀረበ ነበር። ምኒልክ ለዓመታት ተከራክረው በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ። ውሉን ሲያፈርሱ ግን ብድሩን አልካዱም። ዕዳውን ከነወለዱ መልሰው የሐረርን ጉምሩክ ከመያዣነት ነጻ አወጡ። ይህን ማድረጋቸው ከጀግንነታቸው ጋር እምብዛም አይነሣም፤ መነሣት ግን ይገባው ነበር። ውሉን አፍርሰው ብድሩን ቢያስቀሩ ኖሮ ኢጣልያ በአውሮፓ መንግሥታት ፊት የተበደለች አበዳሪ ሆና ትቀርብ ነበር። ከተከፈለ በኋላ ግን በሁለቱ መካከል የቀረው የሉዓላዊነት ክርክር ብቻ ሆነ፤ እርሱም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተፈታ። በ1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌ ውል መሻሩ ጸደቀ፤ ኢጣልያም ለምርኮኞቿ ቀለብና መጠበቂያ 10 ሚሊዮን ሊሬ ከፈለች።

ከዚያ ወዲህ ምኒልክ ለገንዘብ ጉዳይ ይበልጥ ጥንቁቅ ሆነዋል። በስማቸው የታተመውን ብር በኢጣልያ ሳይሆን በፓሪስ አስቀረጹ። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ሥራውን ጀመረ። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙም የገንዘብ ጉዳይ ለብቻው ሚኒስትር ተደረገለት። እርግጥ ነው፣ ባንኩ በግብጽ ብሔራዊ ባንክ ሥር የተቋቋመ፣ የባቡሩም ሥራ የውጭ ኩባንያዎች የተሻኮቱበት ስለነበር መንግሥቱ ከውጭ ገንዘብ ጥገኝነት ፈጽሞ ወጣ ማለት አይቻልም።

ወራሽ

ምኒልክ ሲታመሙ የወራሽ ጥያቄ ተነሣ። ወንዱ ልጃቸው ከሞቱ 20 ዓመት አልፎ ነበር። ሸዋረጋም የሉም፤ ከወሎው ራስ ሚካኤል የወለዱት ልጅ ኢያሱ ግን ነበሩ። ዘውዲቱ በሕይወት ነበሩ፤ ሆኖም ሴት በመሆናቸው በጊዜው አልታጩም። በ1901 ዓ.ም. ግንቦት ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው በአዋጅ ተነገረ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ምኒልክ ሲያርፉም ሥልጣኑን የያዙት ኢያሱ ናቸው። የንጉሠ ነገሥቱ ሞት ለረጅም ጊዜ በአዋጅ አልተነገረም፤ አስከሬናቸውም በግቢው ባለችው በሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት በምስጢር ተቀመጠ። ዘውዲቱ ከአዲስ አበባ ወጥተው በፋሌ ርስታቸው እንዲቀመጡ ተደረጉ።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱና ቤተ ክህነቱ ኢያሱን ሽረው ዘውዲቱን ንግሥተ ነገሥታት፣ የራስ መኮንንን ልጅ ተፈሪን አልጋ ወራሽ አደረጉ። በኢያሱ ላይ የቀረበው ክስ ሃይማኖትን የሚመለከት ነበር። የአያትየውም የእናትየውም ልደት ከጋብቻ ውጭ መሆኑ በክሱ ውስጥ ቦታ አልነበረውም፤ ሊኖረውም አይችልም ነበር፤ ተተኪ ሆነው የተመረጡት ዘውዲቱም በዚያው መንገድ የተወለዱ ናቸውና። ለሁለቱም የተቈጠረላቸው የምኒልክ እምነት ነበር። ከአንድ ወር በኋላ የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ይዘውት የመጡት ጦር በሸዋ በሰገሌ ሜዳ ተሸንፎ ነገሩ አበቃ፤ ከሁለቱም ወገን ያለቀው ሰው ግን እጅግ ብዙ ነበር።

ንግሥት ዘውዲቱ ከነገሡ በኋላ በአዲስ አበባ ታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ ለአባታቸው መታሰቢያ የታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳምን አሠሩ። ሕንጻው በ1920 ዓ.ም. አካባቢ ሲጠናቀቅ የምኒልክ ዐፅም ከሥዕል ቤት ወጥቶ በክብር ወደዚያ ገባ። ዘውዲቱ በ1922 ዓ.ም. መጋቢት ሲያርፉም በዚያው ተቀበሩ። ዛሬ ወደ ምድር ቤቱ የሚወርድ ጎብኚ በአንጎለላ የተወለዱትን ንጉሠ ነገሥት፣ በአንኮበር መድኃኔ ዓለም በቁርባን ያገቧቸውን እቴጌ ጣይቱንና ከሌላ እናት የተወለዱትን ልጃቸውን በአንድ ስፍራ ያገኛቸዋል።